አንዱ ላፕቶፕ ላይ የሚነሳ፣ ሌላው ላይ የማይነሳ ዲስክ፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

አንድ ጓደኛዬ ኡቡንቱ 22.04ን (ከሊኑክስ ሲስተሞች አንዱ ነው) ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ላይ ጫነ። ለሙከራ ብቻ ፍላሽ ላይ የሚደረገው ዓይነት አይደለም፤ ሙሉ ሲስተም ነው። ፕሮግራሞቹ፣ ፋይሎቹና ሴቲንጉ ሁሉ እዚያው ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ። የፈለገው ነገር ግልጽ ነበር። ዲስኩን ቤት ባለው ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ ይሠራል። ከዚያ ነቅሎ ሥራ ቦታ ያለው ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለቱም ላፕቶፖች የየራሳቸው ዊንዶውስ አላቸው፤ እሱ እንዲነካ አይፈልግም።

ኡቡንቱን የጫነው በቤቱ ላፕቶፕ ነው። እዚያ ላይ ዲስኩ ያለ ምንም ችግር ይነሳል። የሥራ ቦታው ላፕቶፕ ላይ ግን ቡት ሜኑው (ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚመረጥበት ዝርዝር) ውስጥ ስሙ እንኳን አይታይም።

ይህ ሳያንስ ሌላ ነገር መጣ። ዲስኩ ተነቅሎ የቤቱ ላፕቶፕ ሲበራ ዊንዶውስ አልነሳም። ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ» የሚል ቃልና አጠገቡ ብልጭ ድርግም የሚል ጠቋሚ ብቻ ታየ። ጓደኛዬ ዊንዶውሱ የጠፋ መስሎት ደነገጠ። ደውሎ መጀመሪያ የጠየቀኝም «ፋይሎቼ አሉ ወይስ ሄደዋል?» ብሎ ነው።

ፋይሎቹ አሉ። ማረጋገጫውም ቅርብ ነበር። ላፕቶፑን አጥፍቶ ሲያበራ የቡት ሜኑውን ቁልፍ እንዲጫን ነገርኩት። ቁልፉ እንደ ላፕቶፑ ይለያያል፤ ኤፍ12፣ ኤፍ9፣ ኤፍ11 ወይም ኢስኬፕ ሊሆን ይችላል። ሜኑው ውስጥ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚል መስመር ነበር። እሱን ሲመርጥ ዊንዶውሱ እንደ ወትሮው ተነሳ። የተቀየረው ማን ቀድሞ ይነሳ የሚለው ተራ ብቻ ነው።

ሁለቱ ምልክቶች የማይገናኙ ይመስላሉ። አንዱ ላፕቶፕ ዲስኩን አያይም፤ ሌላው ደግሞ ያለ ዲስኩ አይነሳም። ምክንያታቸው ግን አንድ ነው። እንዲያውም ሁለተኛው ምልክት ባይኖር የመጀመሪያውን መንስኤ ለማግኘት ብዙ እንደክም ነበር።

ዲስኩን የሚያየው ማነው?

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ኮምፒውተሩ ዲስኩን ያየዋል ወይስ አያየውም?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ያሳስታል። ኮምፒውተር ሲነሳ ዲስኩን የሚያየው አንድ አካል ብቻ አይደለም። ተራ በተራ የሚያዩት አሉ።

የመጀመሪያው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፈርምዌር ነው። ብዙ ሰው ዛሬም ባዮስ ይለዋል፤ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ግን ዩኢኤፍአይ ነው። ፈርምዌሩ የራሱ ትንሽ የዩኤስቢ ድራይቨር አለው። በዚያ ዲስኩን አንብቦ ቡት ሎደሩን፣ ማለትም ሲስተሙን የሚያስጀምረውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ያስነሳል፤ በእኛ ጉዳይ ቡት ሎደሩ ግራብ ነው። ግራብም ዲስኩን የሚያነበው በፈርምዌሩ በኩል ነው። የሲስተሙ እምብርት የሆነውን ከርነልና ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለውን ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም ወደ ሚሞሪ ይጭንና ሥራውን ያስረክባል። ከርነሉ ሲነሳ ግን የፈርምዌሩን ድራይቨር ይተወዋል። ዩኤስቢውን ከዜሮ ጀምሮ በራሱ ድራይቨር ይፈልጋል።

ነገሩ የዱላ ቅብብል ሩጫ ነው። አንዱ ሯጭ በደንብ ስለሮጠ ቀጣዩ ዱላውን ይቀበላል ማለት አይደለም። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው «የት ላይ ቆመ?» ብዬ ነው።

መልሱ ስክሪኑ ላይ ነው። ዲስኩ ሜኑው ውስጥ ከሌለ፣ ወይም ሲመረጥ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ወደ ሜኑው ከተመለሰ፣ የቆመው ፈርምዌሩ ላይ ነው። «ግራብ» የሚል ባዶ መስመር ከመጣ ቡት ሎደሩ ተነስቷል፣ ነገር ግን የራሱን ሜኑ የያዘውን ፋይል አላገኘም። «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል መስመር ከመጣ ደግሞ ከርነሉ ተነስቷል፣ ዋናውን ሲስተም የያዘውን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ግን አላገኘም። ከዚህ ሁሉ አልፎ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ብዙውን ጊዜ የግራፊክስ ጉዳይ ነው። ይህን መለየት ብቻ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የከንቱ ሙከራ ይቀንሳል። የግራብ ችግር ያለበት ሰው ኬብል ሲቀያይር፣ የኬብል ችግር ያለበት ሰው ሲስተሙን ደግሞ ደጋግሞ ሲጭን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ስክሪኑ ቀድሞ ነግሯቸዋል።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉ

የሥራ ቦታው ላፕቶፕ የቆመው ፈርምዌሩ ላይ ነው። ብዙ ከመቆፈር በፊት በደቂቃዎች የሚያልቁትን አየን። ዲስኩ በሃብ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ተሰካ። ሌላ ፖርት ተሞከረ። ፈርምዌሩ ሴቲንግ ውስጥ «ፋስት ቡት» የሚል ነገር በርቶ ነበር፤ ጠፋ። ፋስት ቡት ጊዜ ለመቆጠብ ሲል የዩኤስቢ ዕቃዎችን መፈተሹን ሊዘል ይችላል። ዊንዶውስም «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል የራሱ ነገር አለው፤ ሲበራ «ሻት ዳውን» ማለት ሙሉ በሙሉ መጥፋት አይደለም። እሱን ለማለፍ ላፕቶፑን ከማጥፋት ይልቅ «ሪስታርት» ማድረግ ይበቃል።

ለውጥ የለም። የሚጠቅም መረጃ የሰጠን ሌላ ሙከራ ነው። የኡቡንቱ መጫኛ ፍላሹን እዚያው ፖርት ላይ ሰካነው። ወዲያው ሜኑው ውስጥ ታየ፤ ተነሳም። ስለዚህ ላፕቶፑ ከዩኤስቢ መነሳት ይችላል፣ ፖርቱም ደህና ነው። የጎደለው ነገር ዲስኩ ላይ ነው።

ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ

ወደ ቤቱ ላፕቶፕ ተመለስን። መጫኛ ፍላሹን አስነስተን «ኡቡንቱን ሞክር» የሚለውን መረጥንና ተርሚናል ከፈትን። «ኤልኤስ-ብሎክ» የሚባለው ትእዛዝ ፋይል ሲስተሞችንም እንዲያሳይ ተደርጎ ሲጠራ የሁሉንም ዲስኮች ፓርቲሽኖች፣ ዓይነታቸውንና መለያ ቁጥራቸውን ይዘረዝራል። ኤክስተርናሉ ላይ ሁለት ፓርቲሽኖች ነበሩ። አንዱ 512 ሜጋባይት የሆነ ፋት32 ነው፣ ሌላው ሲስተሙ ያለበት ኤክስት4።

ትንሹ ፓርቲሽን ኢኤስፒ ይባላል። በዩኢኤፍአይ ኮምፒውተር ላይ ቡት ሎደሩ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከፍተን ስናየው ባዶ ነው። ምንም የለበትም።

ታዲያ የቤቱ ላፕቶፕ ላይ እንዴት ይነሳ ነበር? መልሱ የውስጥ ዲስኩ ላይ ተገኘ። የዊንዶውስ ቡት ሎደር የሚቀመጥበት የውስጥ ዲስክ ኢኤስፒ ውስጥ «ኡቡንቱ» የሚል ፎልደር ተፈጥሯል። ግራብና ከእሱ ቀድሞ ተነስቶ እሱን የሚያስነሳው ሺም የሚባል ትንሽ ፕሮግራም እዚያ ተቀምጠዋል። ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይልም ይህንኑ መሰከረ። ሲስተሙ ሲነሳ የትኛው ፓርቲሽን የት እንደሚገናኝ የሚጻፍበት ፋይል ነው፤ ለኢኤስፒው የተጻፈው መለያ የውስጥ ዲስኩ መለያ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለቱ ምልክቶች ተገናኙ። የቤቱ ላፕቶፕ አነሳስ እንዲህ ነበር፦ ፈርምዌሩ ከውስጥ ዲስኩ ላይ ሺምን ያስነሳል፣ ሺም ግራብን ያስነሳል፣ ከግራብ አጠገብ ሦስት መስመር ብቻ ያላት ትንሽ ፋይል አለች። ፋይሏ «ይህ መለያ ያለውን ፓርቲሽን ፈልግ፣ ዋናውን ሜኑ ከዚያ አንብብ» ትላለች። ያ ፓርቲሽን ኤክስተርናሉ ላይ ነው። ዲስኩ ሲሰካ ሰንሰለቱ ይሞላል። ዲስኩ ሲነቀል ግራብ የሚፈልገውን ያጣና ባዶ መስመር ላይ ይቆማል። ኤክስተርናሉ ብቻውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሄድ ደግሞ የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ግማሽ ቤት ቀርቷል።

ይህ የጓደኛዬ ጥፋት አይደለም። ሲጭን ኤክስተርናሉን በትክክል መርጧል። በዚያ ዘመን የኡቡንቱ ኢንስታለር የታወቀ ጠባይ ነበረው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀድሞ ኢኤስፒ ካገኘ፣ ተጠቃሚው ሌላ ዲስክ ቢመርጥም ቡት ሎደሩን እዚያው ያስቀምጣል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ከመጫናቸው በፊት የውስጥ ዲስኩን በፈርምዌር ሴቲንግ ያጠፉታል ወይም ጭራሽ ይነቅሉታል። ለመጫን ላሰበ ሰው እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ኢንስታለሩ የማያየውን ዲስክ ሊነካው አይችልም።

ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ፈርምዌሩ ሲነሳ የሚከተለው ዝርዝር ዲስክ ላይ አይደለም የሚቀመጠው። ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ኤንቪራም በሚባል ትንሽ ሚሞሪ ውስጥ ነው። «ኡቡንቱ» የሚለው መስመር የተጻፈው በቤቱ ላፕቶፕ ሚሞሪ ውስጥ ነው፤ ከዲስኩ ጋር አይጓዝም። ዲስኩ ዝርዝሩ ውስጥ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ፈርምዌሩ የሚፈልገው አንድ የተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። ኢኤስፒው ውስጥ «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር፣ በውስጡ «ቡት» የሚል ፎልደር፣ በውስጡ «ቡትኤክስ64» የሚል ፋይል። ቦታውንም ስሙንም የወሰነው የዩኢኤፍአይ ስታንዳርድ ነው። ስለዚህ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚዞር ዲስክ ይህ ፋይል የግድ ያስፈልገዋል። የእኛ ዲስክ ግን ይህ ፋይል አልነበረውም።

ጥገናው

ከመነካካት በፊት አንድ ነገር አደረግን። ሁለቱም ዊንዶውሶች በቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስክን በሚስጥር ቁልፍ የሚቆልፍበት ዘዴ) የተቆለፉ መሆናቸውን አይተን የሪከቨሪ ቁልፎቻቸውን ወረቀት ላይ ጻፍን። ቁልፉ 48 አሃዝ አለው። ቢትሎከር ከመነሻ ሰንሰለቱ ጋር የተያያዘ ለውጥ ሲያይ ያንን ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሎቹ አይከፈቱም። ሴኪዩር ቡትን (ፈርምዌሩ ያልተፈረመ ቡት ሎደር እንዳይነሳ የሚከለክልበትን ነገር) ለማጥፋት ያልቸኮልነውም በዚህ ምክንያት ነው። ማጥፋት አያስፈልግም ነበር። የኡቡንቱ ሺም በማይክሮሶፍት ቁልፍ የተፈረመ ስለሆነ ሴኪዩር ቡት እንደበራ ይነሳል። «መጀመሪያ ሴኪዩር ቡትን አጥፋ» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ እኔ ግን መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አልሞክረውም።

መጫኛ ፍላሹ በዩኢኤፍአይ መነሳቱንም አረጋገጥን። «ሲስ» ውስጥ፣ «ፈርምዌር» ውስጥ፣ «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር ካለ ተነስቷል ማለት ነው። በድሮው የባዮስ አነሳስ ከተነሳ የሚቀጥለው ሥራ በትክክል አይሄድም።

ከዚያ ሥራው ቀጥ ያለ ነው። የኤክስተርናሉን ኤክስት4 ፓርቲሽን ማውንት አደረግን፤ ማለትም ፋይሎቹ እንዲከፈቱ ከሲስተሙ ጋር አገናኘነው። ባዶውን ኢኤስፒ ደግሞ በእሱ ውስጥ «ቡት» ሥር ባለው «ኢኤፍአይ» ፎልደር ላይ ማውንት አደረግን። ዴቭ፣ ፕሮክ፣ ሲስና ረን የሚባሉትን የሲስተም ፎልደሮች አገናኝተን በቼንጅ ሩት ወደ ዲስኩ ሲስተም ገባን። ከዚህ በኋላ የሚጻፈው ትእዛዝ ሁሉ የሚሠራው ፍላሹ ላይ ሳይሆን ዲስኩ ላይ ባለው ኡቡንቱ ላይ ነው።

ኤፍኤስታብ ውስጥ የውስጥ ዲስኩን ኢኤስፒ መለያ አውጥተን የኤክስተርናሉን አስገባን። ይህ ቢረሳ ሲስተሙ በሌላ ላፕቶፕ ላይ ሲነሳ የሌለ ፓርቲሽን እየጠበቀ ይዘገይና ወደ ጥገና ስክሪን ይገባል። ወደፊት የሚመጡ አፕዴቶችም አብዛኛውን ጊዜ ቡት ሎደሩን የሚጽፉት እዚያ መስመር ላይ ወደተጠቀሰው ቦታ ነው።

ቀጥሎ ቡት ሎደሩን የሚጭነው ትእዛዝ፣ ግራብ-ኢንስቶል። ዒላማው 64 ቢት ኢኤፍአይ መሆኑን፣ ኢኤስፒው የት እንዳለ፣ ኤንቪራምን ግን እንዳይነካ ነገርነው። ኤንቪራምን እንዳይነካ የተደረገው ዲስኩ በማንም ኮምፒውተር ዝርዝር ላይ ተመርኩዞ እንዳይነሳ ነው። ከዚያ አፕዴት-ግራብ ሠራ፤ ሜኑውን እንደገና ጻፈ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው ግራብ 2.06 ሌሎች ሲስተሞችን ፈልጎ ሜኑው ውስጥ የማስገባት ነገር በዲፎልት ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ለእኛ ዲስክ ይህ ጥሩ ነው። የቤቱ ዊንዶውስ ስም የሥራ ቦታው ሜኑ ላይ ምን ይሠራል?

ትእዛዙ «ስህተት የለም» ስላለ ብቻ አልወጣንም። ኢኤስፒውን ከፍተን አየን። «ኡቡንቱ» የሚል ፎልደር፣ «ቡት» የሚል ፎልደር፣ በውስጡም ቡትኤክስ64። ይህ ፋይል ስሙ የተቀየረ ሺም ነው። ካልተገኘ ከኡቡንቱ ፎልደር ውስጥ ሺምን በዚህ ስም መቅዳት ይቻላል።

አጠገቡ «ኤፍቢኤክስ64» የሚል ፋይልም ነበር። ይህ ፋይል ለማይንቀሳቀስ ዲስክ ጠቃሚ ነው፤ ለሚዞር ዲስክ ግን ጣጣ ያመጣል። ሺም ከቡት ፎልደር ሲነሳ ይህን ፋይል ካገኘ መጀመሪያ እሱን ያስነሳል። እሱ ደግሞ «ኡቡንቱ» የሚል መስመር በኮምፒውተሩ ኤንቪራም ውስጥ ይጽፋል። ያ ማለት ዲስኩ በተሰካበት ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ዱካ ይተዋል ማለት ነው። አንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ መስመሩን ከጻፈ በኋላ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሳል፤ ፈርምዌሩ መስመሩን ካልያዘለት በዚያው ሲዞር ይኖራል። ስለዚህ ፋይሉን ከቡት ፎልደር አወጣነውና በምትኩ ግራብን እዚያው ቀዳነው። ሺም ኤፍቢኤክስ64ን ሲያጣ አጠገቡ ያለውን ግራብ በቀጥታ ያስነሳል። ግራብ ደግሞ ሦስት መስመር ያላትን ፋይል ከኡቡንቱ ፎልደር ያነባል። እሷም አሁን እዚያው ዲስክ ላይ ናት።

ዲስኩ የቤቱ ላፕቶፕ ላይ በቡት ሜኑው በኩል ተነሳ። በሥራ ቦታው ላፕቶፕም ሜኑ ውስጥ ስሙ መጣ። ተመረጠ፣ የግራብ ሜኑ ታየ፣ የኡቡንቱ ምልክት ታየ። ከዚያ ቆመ።

አሁን ደግሞ ከርነሉ

ስክሪኑ ላይ «ይህ መለያ ያለው ፓርቲሽን የለም» የሚል የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ መጣ። ከሥሩ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል መስመር። ጓደኛዬ «ያው ነው፣ አልተስተካከለም» አለ። ያው አይደለም። ዱላው ሁለት ሯጮችን አልፏል። ፈርምዌሩ ዲስኩን አይቷል፤ ግራብ ከርነሉን ከዚያው ዲስክ ላይ አንብቧል። ከርነሉ ግን ሚሞሪ ውስጥ ሆኖ፣ ራሱ የተነበበበትን ዲስክ ማግኘት አቅቶታል።

ይህ ስክሪን ሰውን ያስፈራል እንጂ ጥሩ የመመርመሪያ ቦታ ነው። ትእዛዝ ይቀበላል። መጀመሪያ ከርነሉ የሚፈልገው መለያ ትክክል መሆኑን አየን። ትክክል ነው። ቀጥሎ ትንሽ ጠብቀን፣ የሚታዩትን ፓርቲሽኖች የሚዘረዝረውን ብሎክ-አይዲ የሚለውን ትእዛዝ ሰጠን። አንዳንድ ኤክስተርናል ዲስኮች ለመንቃት ሰከንዶች ይፈልጋሉ። እንዲያ ከሆነ ከቆይታ በኋላ ዲስኩ ዝርዝሩ ውስጥ ይመጣል፤ «ኤግዚት» ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃል፣ ሲስተሙ ካቆመበት ይቀጥላል። ለዘለቄታው ደግሞ ከርነሉ አሥር ሰከንድ ያህል እንዲጠብቅ «ሩት-ዲሌይ» የሚለውን ፓራሜትር መጨመር ነው።

የእኛ ግን አልመጣም። ስለዚህ የከርነሉን መልእክቶች በዲሜሴጅ አየን። ችግሩ እዚያ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ዲስኩ ይታያል፣ ትእዛዝ ይሰጠዋል፣ አይመልስም፣ ትእዛዙ ይሰረዛል፣ የዩኤስቢ ግንኙነቱ ሪሴት ይደረጋል። እንደገና ይታያል፣ እንደገና ይጠፋል። ስህተቱን የሚጽፈው «ዩኤኤስ» የሚባለው ድራይቨር ነው።

ዩኤኤስ ምንድን ነው? ኤክስተርናል ዲስክ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። የድሮው በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ ያስተላልፋል፤ መልስ ሳይመጣ ሌላ አይሄድም። አዲሱ፣ ዩኤኤስ፣ ብዙ ትእዛዞችን ባንዴ ያሰልፋል። ለኤስኤስዲ ይህ ትልቅ የፍጥነት ልዩነት አለው። ችግሩ ዲስኩ የገባበት የዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ያለው ቺፕ ነው። ቺፑ የኤስኤስዲውን ቋንቋ ወደ ዩኤስቢ ይተረጉማል። አንዳንድ ቺፖች ዩኤኤስን እንችላለን ይላሉ፣ ጫና ሲበዛ ግን ይንገዳገዳሉ። ከአንዱ ኮምፒውተር የዩኤስቢ ኮንትሮለር ጋር ተስማምተው ከሌላው ጋር ላይስማሙ ይችላሉ። ፈርምዌሩ በራሱ ቀለል ያለ ድራይቨር ስለሚያነብ ይህ ችግር አልታየበትም።

ወደዚህ ድምዳሜ ከመሄድ በፊት ኃይል አለመሆኑን ማረጋገጥ ነበረብን፤ ምክንያቱም የኃይል ማነስም ተመሳሳይ ሪሴት ያመጣል። መደበኛ ዩኤስቢ 2.0 ፖርት እስከ 500 ሚሊአምፒር፣ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፒር ይሰጣል። ዲስኩ 3.0 ፖርት ላይ በቀጥታ ተሰክቷል። ኬብሉ በአጭርና ጥራት ባለው ተቀየረ። መልእክቱ አልተቀየረም።

አሁን ሙከራ። ሊኑክስ ለአንድ የተወሰነ ዕቃ ብቻ ዩኤኤስን እንዳይጠቀም ማዘዝ ይቻላል። «ዩኤስቢ-ስቶሬጅ ኳርክስ» የሚባል የከርነል ፓራሜትር አለ። የሚጻፍለት ነገር የቺፑ መለያና «ዩ» የምትለዋ ፊደል ነው። መለያውን የሚሰጠው ኤልኤስ-ዩኤስቢ ነው፤ ዲስኩ በሚሠራበት የቤቱ ላፕቶፕ ላይ አውጥተነዋል። በሁለት ነጥብ የተለያዩ ሁለት ባለ አራት ቦታ ቁጥሮች ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ሌላ ሁለት ነጥብና «ዩ» ይጨመራል።

ፓራሜትሩን መጀመሪያ ለአንድ ጊዜ ብቻ ሞከርነው። የግራብ ሜኑ ላይ «ኢ» ፊደልን ስንጫን የመነሻው ጽሑፍ ተከፈተ። «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ፓራሜትሩን ጨመርንና ኤፍ10 ተጫንን። እንዲህ የተጻፈ ነገር ለዚያ አነሳስ ብቻ ነው፤ ካልሠራ በሚቀጥለው ሲነሳ የለም። ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። ያልተረጋገጠ ነገር ፋይል ውስጥ አይቀርም።

ተነሳ። ዴስክቶፑ መጣ፣ ፋይሎቹ አሉ፣ ያቆመበት ሥራ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ፓራሜትሩን ግራብ ዲፎልት በሚባለው ፋይል ውስጥ ጽፈን አፕዴት-ግራብ ያደረግነው። ዋጋው አለ፤ ዲስኩ በድሮው መንገድ ስለሚነጋገር በተለይ ብዙ ትናንሽ ፋይሎች ባንዴ ሲነበቡ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ጓደኛዬ ፍጥነት ቢፈልግ ዘላቂው መፍትሔ የተሻለ ቺፕ ያለው ኬዝ መግዛት ነው። ኤስኤስዲው ራሱ ምንም አልሆነም።

የግራፊክስ ችግር አልገጠመንም። ዲስኩ ላይ ለአንድ ካርድ ብቻ የተሠራ የግል ድራይቨር ስላልተጫነ ነው። የሚዞር ዲስክ ላይ ከርነሉ ይዟቸው በሚመጡት ክፍት ድራይቨሮች መቆየቱ የተሻለ ነው። ስክሪኑ የሚጠቁርበት ሰው «ኖ-ሞድ-ሴት» የሚለውን ፓራሜትር በዚሁ የ«ኢ» ዘዴ ለአንድ ጊዜ ሊሞክር ይችላል።

የቤቱን ላፕቶፕ ማጽዳት

ይህ ሆን ተብሎ ለመጨረሻ ቆየ። ዲስኩ ብቻውን በሁለቱም ላይ መነሳቱ ሳይረጋገጥ የድሮውን ቡት ሎደር ማጥፋት መመለሻ መንገድን መዝጋት ነው።

ኢኤፍአይ-ቡት-ማናጀር የሚለው ትእዛዝ የኤንቪራሙን ዝርዝር አሳየን። ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን ወደ ፊት አመጣነው። «ኡቡንቱ» የሚለውን መስመር ሰረዝነው። ዲስኩ ተነቅሎ ላፕቶፑ ሲበራ ዊንዶውስ በቀጥታ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ከውስጥ ዲስኩ ኢኤስፒ ላይ የኡቡንቱን ፎልደር ብቻ አጠፋን። ኢኤስፒው ራሱ አይነካም፤ የዊንዶውስም መነሻ እዚያው ነው። ፓርቲሽኑን ፎርማት የሚያደርግ ሰው ያኔ በእርግጥ ዊንዶውሱ አይነሳለትም።

አጠቃቀም ላይ ለጓደኛዬ ሁለት ነገር አጥብቄ ነገርኩት። ዊንዶውስ በርቶ እያለ ዲስኩ ከተሰካ ዊንዶውስ ኤክስት4ን ስለማያውቅ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ሁልጊዜ «አይ» ነው። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑን ስሊፕ አድርጎ ዲስኩን መንቀል አይቻልም። ሲስተሙ አልጠፋም፤ ያልተጻፈ ዳታ ሚሞሪ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሙሉ በሙሉ ሻት ዳውን ከተደረገ በኋላ ብቻ ይነቀላል።

የቀረው አፕዴት ነው። የግራብ ወይም የሺም አፕዴት ሲመጣ ሲስተሙ ግራብ-ኢንስቶልን በራሱ ያስኬዳል። ያኔ ዲስኩ በተሰካበት ላፕቶፕ ኤንቪራም ውስጥ «ኡቡንቱ» የሚለው መስመር ሊጻፍና ተራውን ሊቀድም ይችላል፤ ኤፍቢኤክስ64ም ቡት ፎልደር ውስጥ ሊመለስ ይችላል። እዚያ በእጅ የቀዳነው ግራብ ደግሞ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። አሮጌ ሺምና ግራብን ማቆየት ደግሞ አደጋ አለው። በኦገስት 2024 የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት የድሮ ሺሞችን እንዳይነሱ ስላገደ ዊንዶውስና ሊኑክስን አብረው የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች ሊኑክሳቸው በሴኪዩር ቡት ተከልክሎባቸዋል። ስለዚህ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ አፕዴት በመጣ ቁጥር ከማጥፋቱ በፊት የቡት ፎልደሩን ይከፍታል። ኤፍቢኤክስ64 ተመልሶ ከሆነ ያወጣዋል፣ አዲሶቹን ሺምና ግራብ ከኡቡንቱ ፎልደር ይቀዳል፣ የመነሻ ተራውንም በኢኤፍአይ-ቡት-ማናጀር አይቶ ዊንዶውስን ወደ ፊት ይመልሳል።